ምራቴ የውድድር ጠበቃ ስትፈልግ

ስለ ምራቴ ላውራችሁ። ልጄ ሲያገባት ዘመዶቼ «ይቺ ልጅ ጆሮሽን ታደነቁረዋለች» ብለውኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ ሳቋ ከድምፅዋ ይብሳል፣ ሰላም ስትል እንኳ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ በር ይከፍታል። እኔ ግን ለምጃታለሁ፤ አሁንማ እሷ ስትወጣ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

ሥራዋ ወንበር ማከራየት ነው። ለሠርግ በሉት፣ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ሰው እንግዳ ጠርቶ መቀመጫ ያጠረው እንደሆነ እሷ ጋ ይደውላል። ግቢያችን ከበሩ እስከ ኩሽናው ተደራርቦ በቆመ የፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፤ መታጠቢያ ቤት ለመግባት በጎን ነው የምንሾልከው። ልጄ ወገቡን ካመመው ወዲህ መሸከም ስለማይሆንለት ስልክ ያነሳል፣ ወንበር ያጥባል። ጭነቱንም መኪናዋንም የያዘችው ምራቴ ናት። የምንበላው ከዚያ ነው።

ይሄ ሥራ የራሱ ደንብ አለው። ለትልቅ ሠርግ የሚበቃ ወንበር ለብቻው ያለው አከራይ የለም፤ ስለዚህ ይዋዋሳሉ። ዛሬ አንተ ታውሰኛለህ፣ በሌላው ሳምንት እኔ አውስሃለሁ። እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ከመቀመጫው ስር ቀለም ይቀባል፤ የኛ ቢጫ ነው። ደግሞም ወንበር ያደረሰ ሰው ዝግጅቱ እስኪያልቅ እዚያው ይጠብቃል፤ ጥሎ ከሄደማ ግማሹ ወንበር በየጎረቤቱ ይቀራል።

አከራዮቹ ማህበር አላቸው። ሰብሳቢያቸውን ሰፈሩ ጋሽ ቦርጩ ይለዋል፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ስለሚገባ ነው። እሱም ሲጠሩት ሳይከፋው አቤት ይላል። ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ቦርጩና ማህበሩ ምራቴን ጠሩና «ከአሁን በኋላ ሁላችንም የምናከራየው በአንድ ዋጋ ነው፤ ያንቺ ረክሷል፣ ከፍ አድርጊው» አሏት።

«የናንተን እናንተ ታውቃላችሁ፣ የኔን እኔ» ብላ ወጣች። ቤት መጥታ የጋሽ ቦርጩን አነጋገር እያስመሰለች ስታወራ በሳቅ ሞትን። ምን ነካን! እዚያ ቤት ውስጥ አንድ የሚያስብ ሰው እንኳ ጠፋ?

ብዙም ሳይቆይ የአንድ ትልቅ ሠርግ ሥራ መጣ። ምራቴ እንደ ወትሮዋ ተቀበለች፤ የጎደላትን ልትዋስ ስልክ መታች። «ውይ እህቴ፣ አልቆብኛል» አላት አንዱ። ሌላውም አልቆብኛል አለ። ሦስተኛው ጋ ስትደውል መኪናዋን እሱ በር ላይ አቁማ ነው፤ የወንበሩ ክምር ከአጥሩ በላይ ይታያል።

«አልቆብኛል» አላት።

«ኧረ አሁን እያየሁት ነው!»

«እሱ... እሱም አልቋል» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ሠርግ ደግሞ ወንበር ጠፋ ተብሎ አይቀር። በየቤቱ እየዞርን ለመንን። የራሳችንን ሶፋ ጫንን፣ ከትምህርት ቤት አግዳሚ ተዋስን፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር የሚሽከረከረውን ወንበሩን ነቅሎ ሰጠን። ያ ወንበር የደረሰው ለሙሽራዋ አጎት ነበር። ሰውየው ማንም ለመናገር በተነሳ ቁጥር ወደዚያ ሽክርክር እያለ ሲያጨበጭብ ዋለ፤ የዚያን ቀን እንደሱ የተደሰተ አልነበረም። የሙሽራዋ እናት ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየን ተሻግራ ነው የምታልፈው።

ወሬ እግር አለው አይደል፣ ትልልቁ ሥራ ሁሉ ጥሎን ሄደ። የልጆች ልደትና የጎረቤት ስብሰባ ብቻ ቀረን። ልጄ አንገቱን ደፍቶ «መኪናዋን እንሽጣት መሰለኝ» አለ። መኪናዋ ከሄደች ሥራው አበቃ ማለት ነው፤ ወንበር በትከሻ ተሸክሞ ሠርግ ቤት አይደርስ። ምራቴ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ዝም አለች። እኔ እሷን ዝም ብላ አይቻት ስለማላውቅ ክው አልኩ።

ያዳነን ሬዲዮ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ስታዳምጥ አንዱ ባለሙያ ስለ ንግድ ውድድር ሕግ ያወራል፤ ነጋዴዎች ተማክረው አንድ ዋጋ መቁረጥ፣ አልተባበርም ያለውን አድመው ከገበያ ማስወጣት ክልክል ነው ይላል። ቢላዋውን እንደያዘች ግቢ ወጣች።

«እማዬ! ክልክል ነው! ክልክል ነው እኮ!»

«ምኑ?»

«ያደረጉን ነገር! ሕግ አለው! ጠበቃ እንፈልግ!»

«መጀመሪያ ቢላዋውን አስቀምጪ» አልኳት። ልቤ ግን ከሷ ብሶ ይዘል ነበር።

ጠበቃ መፈለግ ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድነው የባለቤቴን ውርስ የጨረሰልን ሰውዬ ጋ ነው። ጥሩ ሰው ነው። አገጩን እያሻሸ ሁሉንም ሰማንና «ይሄ ነገር ስም ማጥፋት ይሆን?» አለ። «ስሜን አላጠፉም፣ ወንበር ነው የከለከሉኝ» አለችው። «ውል ነበራችሁ?» «የለንም።» ብዕሩን አስቀመጠና «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የፍቺና የውርስ ሰው ነኝ። ብትፋቱ ወይ ብትሞቱ አለሁላችሁ» አለ። አመስግነን ወጣን፤ ደረጃው ላይ ምራቴ ሳቋ አምልጧት ሕንፃው አስተጋባ።

ቀጥለን ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ስር የሚቀመጠውን አነጋገርን። እሱ ደግሞ የማይችለው ነገር የለም። ገና ሳንጨርስለት «ገብቶኛል! በድብደባ እንከሳቸዋለን!» አለ።

«ማንም አልመታንም እኮ ወንድሜ» አልኩት።

«ታዲያ በዛቻ!»

«አልዛቱብንም።»

«እማማ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ በምን ላግዛችሁ?» ብሎ ጭራሽ እኛ ላይ ተቆጣ።

ከዚያ መስታወት በመስታወት የሆነው ሕንፃ ላይ ወጣን። እንኳን ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ፣ ምንጣፉንም ሰው ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም። አንድ ጎልማሳ ጠበቃ በትሕትና ተቀበለን፣ የውድድር ሕግም በደንብ ያውቃል፤ ሲያወራ ግን ስለ ባንክ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ አየር መንገድ ነው። ምራቴ «የኛ የወንበር ነው» ስትለው «የቢሮ ዕቃ አምራች ናችሁ?» አለ። «አይ፣ የሠርግ ወንበር።» ሰውየው ፈገግታው እንዳለ ቀረና ጸሐፊዋን ጠርቶ አሳንሰሩን እንድታሳየን ነገራት።

እኔ አሁን ተናደድኩ። «ተይው፣ የሕጉ ባለቤቶች ጋ እንሂድ» ብዬ የንግድ ውድድር ቢሮ ወሰድኳት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አቤቱታ እንቀበላለን፤ ጠበቃ ግን መጠቆም አይፈቀድልንም» አለች። ምራቴ ለመነቻት፣ ቀለደችላት፣ ወይ ፍንክች። እኔ ግን ደክሞኝ መተላለፊያው ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከጎኔ ያለው ቢሮው ክስ የሚሰማበት የችሎት በር ነው።

በሩ ተከፈተና አንድ ወፍራም ነጋዴ ላቡን እየጠረገ ወጣ። «ያቺ አጭር! ያቺ ጉድ! እንዴት ብላ ነው ያን ያወቀችው!» እያለ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ችሎት ተጠናቀቀና የዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ወጣ፤ እሱም «አጭሯ ጉድ ሠራችኝ» ይላል። እዚያው ብድግ አልኩ። የተሸነፈ ሰው ሁሉ የሚያማርራትን ትተን የት ነው የምንዞረው?

«ልጄ፣ ይቺ አጭር የምትሏት ጠበቃ ናት? ቢሮዋ የት ነው?» አልኩት ዳቦ ጋጋሪውን።

«ለምን ፈለጓት?»

«ሄጄ አንጀትህን ላርስልህ፤ ልክ ልኳን ነግሬ ነው የምመለሰው።»

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ!» ብሎ እስከ ሕንፃው ቀለም ድረስ ነገረኝ። ምራቴ ከኋላዬ ቆማ አፏን በሁለት እጇ አፍና ይዛ ነበር።

ቢሮዋ ከልብስ ስፌት መኪና መጠገኛ በላይ ነው፤ ደረጃው ማሽን ዘይት ይሸታል። አጭሯ እውነትም አጭር ናት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እግሯ ወለሉን አይነካም። ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ሰማችን። ምራቴ ስትናገር መስኮቱ ይርገበገባል፤ አጭሯ ግን አንድም ጊዜ ቀስ በይ አላለቻትም። ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ተማክረው ነው ወይስ እያንዳንዱ በራሱ?»

«ምን ለውጥ አለው?» አልኩ።

«እማማ፣ አንድ ሰው ወንበሬን አላውስም ቢል መብቱ ነው፤ ወንበሩ የሱ ነው። ተሰብስበው ለዚህች ሴት ማንም እንዳያውስ ብለው ከተስማሙ ግን አለቀላቸው፤ በቀላሉ አልለቃቸውም። እናንተ ግን ስብሰባውን ያየ ሰው አላችሁ?»

አልነበረንም። ከማህበሩ ማንም እንደማይመሰክርልን እናውቃለን። አጭሯ ውክልናውን ተቀበለች፣ አቤቱታውንም አስገባች፤ «ምስክር ካልተገኘ ግን በአየር ላይ ነው የምንከራከረው» አለችን። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መኪናዋን ለሚገዛ ሰው መንገር ጀምሮ ነበር።

የሠርግ ወቅት ገባ። ቅዳሜና እሁድ የከተማው ወንበር ሁሉ ለሠርግ ይወጣል፤ የኛ ብቻ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ቅዳሜ ስልክ ጮኸና ልጄ አነሳው። አንዲት ሴት ናት፤ ባሏ ቤቷ ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ መቀመጫ ረስቷል፣ የደወለችለት አከራይ ሁሉ ወንበሩ ሠርግ ላይ ነው፣ እባካችሁ ድረሱልኝ ትላለች። አድራሻውን ስትናገር ልጄ እጁ ላይ የያዘውን ጨርቅ ጣለ። የጋሽ ቦርጩ ቤት ነው! የወንበር አከራዮች ማህበር ሰብሳቢ ስብሰባ ጠርቶ ወንበር አጥቷል! ሚስቱ ምስኪን ስለ ጠቡ ምንም አታውቅም።

ምራቴን ካዩ ያውቋታል፣ መኪናዋንም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ ከኪራይ መኪና ሹፌር ጋር ሄድኩ። ወንበሩን ደረደርኩ፣ ሚስቱ አመሰገነችኝ፣ እንደ ደንቡ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጥበቃዬን ጀመርኩ። የማህበሩ ሰዎች እየተንጠባጠቡ ገቡ። ማንም ቀና ብሎ ያየኝ የለም፤ ወንበር የምትጠብቅ አሮጊት ማን ያያል? እነሱ ራሳቸው ያን ቀን ልጆቻቸውን አስጠብቀው መጡ እንጂ ስንት ሠርግ ላይ እንደኔ ተቀምጠው ውለዋል፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ወንበሩን ገልብጦ ቀለሙን ያየም አልነበረም።

ጋሽ ቦርጩ ተነሳና «የተስማማነውን ዋጋ የሚያፈርስ የለም። ለዚያች ጯሂ ሴትም አንድ ዱካ እንኳ የሚያውሳት እንዳይኖር። በሷ ላይ የገባነውን ቃል ዛሬም እናጽና፤ የሚስማማ እጁን ያንሳ» አለ። እጅ ወጣ። እሱ ዓይኑ ሩቅ አያይለትም መሰለኝ፣ ከኋላ ያሉትን ለማየት ተንጠራራ፣ አቃተው። ታዲያ ማንን ቢጠይቅ ጥሩ ነው?

«እማማ፣ እርስዎ እዚያ ጋ ነዎት፤ ከኋላ ያላነሳ ሰው አለ እንዴ?»

ብድግ ብዬ አየሁ። «የለም ልጄ፣ ሁሉም አንስቷል» አልኩ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ቁጭ አለ። እንዴት አድርጌ ሳቄን እንደዋጥኩት ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቤት ገብቼ ስናገር ምራቴ እዚያው ግቢው መሀል መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ልጄም ወገቡን ረስቶ ዘለለና «ወየው!» ብሎ ተቀመጠ።

አጭሯ ስትሰማ ኦቾሎኒው ትን አላት። ከዚያ ረጋ ብላ መከረችኝ። «እማማ፣ ሰውየው ስብሰባ አልነበረም ብሎ ይክዳል። እንዳይናደዱ። እርስዎ ወንበራችሁን ብቻ ያመስግኑ።»

«ወንበሩን?»

«እስኪሰለቻቸው ድረስ ያሞግሱት።»

ነገሩ አልገባኝም፤ እሺ አልኩ።

የችሎቱ ቀን ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሽ ቦርጩ ኮት ለብሶ ተነሳና «ስብሰባ የሚባል አላደረግንም። እኚህን እናት በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም» አለ። ደሜ ፈላ! ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን መልሼ ዋጥኩት። አጭሯ ወደኔ ዞራ «እማማ፣ ወንበሩ እንዴት ያለ ነበር?» አለች።

«ውይ ወንበሩማ! የኛን የመሰለ ወንበር በዚህ ከተማ የት ይገኛል? ታጥቦ እንደ ብርጭቆ ነው። እንደ ሳቸው ወንበር ልብስ የሚቀድ፣ ሰው የሚጥል አይደለም። እንዲያውም ያን ቀን ተመችቷቸው፣ ተዘርግተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ነበር የሚመስሉት። የራሳቸውን ወንበር ረስተው...»

ጋሽ ቦርጩ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጠበቃው ክንዱን ያዘው፤ እሱ ግን አመለጠው።

«ተመችቶኝ?! እኔን ነው የተመቸኝ? አንደኛው እግሩ አጥሮ ስብሰባው እስኪያልቅ ስወዛወዝ አይደል እንዴ የዋልኩት! እሱን ብሎ ወንበር!»

የገዛ ጠበቃው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ይሄም ሳይበቃ ከኋላ ከማህበሩ አባላት አንዱ፣ ነገሩ ያልገባው፣ «የኔም መደገፊያው ተሰንጥቆ ነበር!» ብሎ ጮኸ። የመሀል ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ስታለቅስ አልነበረም። አጭሯ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብላ ቁጭ አለች።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ማህበሩ ዋጋ መቁረጥም ሆነ በማንም ላይ ማደም ተከለከለ፤ ተቀጣም። ምራቴ ሲነበብ እጄን ጨብጣ ስለያዘችኝ ጣቶቼ ደነዘዙ። መተላለፊያው ላይ ወጥተን ገና ሳንተቃቀፍ ስልኳ ጮኸ። እሷ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ሳትከፍት አታወራም። አንድ አባት ነው፤ ልጁን ሊድር ነው፣ ትልቅ ሠርግ ነው፣ ዋጋሽ ስንት ነው ይላል። ዋጋዋን ነገረችው።

አባላቱ ከኋላችን እየወጡ ነበር። አንዱ ቆም አለ፤ አሰበ፤ ከዚያ «እኔ ከሷ ቀንሼ እሰጣለሁ!» ብሎ በስልኩ ላይ ጮኸ።

«ማነው እሱ?» አለ አባትየው።

«እኔ ደግሞ ከሱ እቀንሳለሁ!» አለ ሌላው።

«እኔ በነፃ አደርሳለሁ! ጠረጴዛም እጨምራለሁ!» ጋሽ ቦርጩ ነው፤ ሆዱን አስቀድሞ በመሀላቸው ገባ። መተላለፊያው ገበያ ሆነ፤ ጥበቃው ጸጥታ ቢል የሚሰማው የለም። አባትየው ግራ ተጋብቶ በመጨረሻ «ባለ ጠረጴዛው ይሁንልኝ» አለ። ሥራው ለጋሽ ቦርጩ ሄደ።

እኔ ምራቴ ልታለቅስ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። አልቅሳለች፣ ግን በሳቅ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ተወዳደሩኝ! እማዬ፣ ተወዳደሩኝ እኮ! አጥቼው የነበረው ይሄ ነው!»

አጭሯም አብራት ትስቃለች። ጋሽ ቦርጩ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ በጣቱ አንድ ነገር ያሰላል፤ ያሰላልና ደግሞ ይጀምራል። ቀስ ብሎ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ... ሠርጉ ትልቅ ነው አይደል... ወንበር ያጥረኛል። እንደ ድሮው... ታውሺኛለሽ?»

ሁሉም ዞሮ እሷን አየ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አፉን ዘግታ እንድታባርረው ነው የፈለግኩት። እሷ ግን ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና «የምትፈልገውን ያህል ውሰድ» አለችው። ወዲያው ልጄ ጋ ደወለች።

«መኪናዋን አዘጋጅ፣ ወንበር ልንጭን ነው!»

ልጄ ግን «የሚገዛት ሰው መጥቷል» አለ፤ «አጠገቤ ቆሞ ቁልፉን ስጠኝ እያለኝ ነው።»

«አንተ መሸከም አትችልም» አለችው፤ «ለሱ ንገረው፣ ይጫንልን!»

ስንደርስ ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ወንበር እየጫነ ነበር።